ምዕራፍ ሦስት፦ የምድረ በዳ ሣር

በአገራችን ገጠር በግ የሚጠብቀው ከቤቱ ሰው ሁሉ ትንሹ ነው። አባት ያርሳል፣ ታላቅ ወንድም ከብት ይነዳል፣ እናትና እኅት ከውኃና ከእንጨት አይላቀቁም፤ ገና ሸክም የማይችለው ልጅ አርጩሜ ይሰጠውና በጎቹን ይዞ ይወጣል። እኔም ፊደል ከመቁጠሬ በፊት በግ ቆጥሬአለሁ። ከዚያ ዕድሜ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ትዝታ የማታው ሰዓት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጎቹን ወደ በረቱ አፍ አስጠግቼ እቆጥራለሁ፤ አንድ ጎደለ። እንደገና እቆጥራለሁ፤ አሁንም አንድ ጎደለ። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ የሚገባው ብርድ፣ ወደ ቤት መግባትም ወደ ሜዳ መመለስም የሚያስፈራበት ያ ቅጽበት፣ ሸምግዬም አልተረሳኝም። በጎቹ ግን ምንም አልመሰላቸውም። ቆመው ያመሰኳሉ። ነገ የት እንደሚግጡ፣ ምንጩ ይድረቅ አይድረቅ፣ ጅቡ በየት በኩል እንደሚመጣ አይጠይቁም። ጭንቀቱ በሙሉ የእኔ ነበር።

ስለ ዳዊት የእረኛ መዝሙር ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ብዙ ትርጓሜም አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ የማታ ቆጠራ ያስረዳኝ ግን የለም። ዳዊት እግዚአብሔርን እረኛው ሲያደርግ ራሱን በግ ማድረጉ ነው። ይህን የሚለው ደግሞ ስለ እረኝነት በወሬ የሰማ ሰው አይደለም። ከእሴይ ልጆች ሁሉ ታናሹ፣ ነቢዩ ሳሙኤል ሊቀባው በመጣ ጊዜ እንኳ ከበጎች ኋላ ስለነበር ያልተጠራው ልጅ ነው። ለአንድ ጠቦት ብሎ ከአንበሳና ከድብ ጋር የተናነቀ ሰው ነው። በመንጋና በእረኛ መካከል ጭንቀቱ የማን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። እምነት ብሎ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፦ የነገው ሣር ጉዳይ የማን ሥራ እንደሆነ ማወቅ።

መዝሙሩ በዕብራይስጡ አቆጣጠር ሃያ ሦስተኛው ነው፤ በግእዙ ዳዊት ሃያ ሁለተኛው። ልዩነቱ የመጣው ሰባው ሊቃናት ዘጠነኛውንና ዐሥረኛውን መዝሙር አንድ አድርገው ወደ ጽርዕ ስለመለሱ ነው። ዳዊት ደጋሚ እናት ያላቸውና አዲሱን ትርጉም የሚያነቡ ልጆች አንዱን መዝሙር በሁለት ቁጥር የሚጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ለእኛ እረኛ ሲባል በዐይናችን የሚመጣው ቁምጣ የታጠቀ ልጅ ነው። በጥንቱ ምሥራቅ ግን ቃሉ የንጉሥም ማዕረግ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው የባቢሎኑ ሐሙራቢ በሕጉ መግቢያ ላይ ራሱን እረኛ ይላል፤ የግብፅ ፈርዖኖችም በእጃቸው ቆልማማ የእረኛ በትር ይዘው ተስለዋል። ስለዚህ ዳዊት ንጉሥ ከሆነ በኋላ እግዚአብሔርን እረኛዬ ማለቱ ከራሱ በላይ ንጉሥ እንዳለበት መመስከሩ ጭምር ነው። እረኛነቱን የሚያውቀው በዙፋንም በአርጩሜም ነበር።

አሁን ወደ መሬቱ እንሂድ፤ ነገሩ የሚፈታው እዚያ ነው።

ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች ለምለም መስክ ሲባል የሚታየን የመስከረም መስክ ነው፤ አደይ የፈነዳበት፣ ሣሩ ጉልበት የደረሰ፣ ከብቱ ገብቶ የማይታይበት። በዚህ ምስል መዝሙሩን ስናነበው የጥጋብ መዝሙር ይሆንብናል። ዳዊት ግን መስከረምን አያውቅም። ያደገባት ቤተ ልሔም ከባሕር ወለል በላይ 775 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በስተ ምሥራቋ፣ በቀጥታ ቢለካ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ሙት ባሕር አለ፤ እርሱም ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በዚህች አጭር ርቀት መሬቱ 1,200 ሜትር ያህል ይወርዳል። ዝናቡም አብሮ ይወርዳል። ኢየሩሳሌም በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ዝናብ ስታገኝ ሙት ባሕር ዳር ከ100 አይበልጥም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ እንደምታገኝ ካሰብን ልዩነቱ ግልጽ ነው። የይሁዳ ምድረ በዳ የሚባለው ይህ ቁልቁለት ነው፤ የቤተ ልሔም በጎች የሚሰማሩትም ወደዚሁ ነበር።

እዚያ ሣር የለም ማለት አይደለም። ዝናቡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ይጥላል፤ በጥርና በየካቲት ጠፍ የሚመስለው ኮረብታ ስስ አረንጓዴ ይለብሳል። ከሩቅ ሲያዩት አለ፣ ሲጠጉት የለም የሚያሰኝ ሣር ነው፤ በድንጋይ ጥላ ሥር፣ እርጥበት ባቆረ ስንጥቅ ውስጥ አንድ አንድ ጭብጥ። ግንቦት ሲገባ ይህም ይነዳል። ዳዊት መስክ ለማለት የመረጠው የዕብራይስጥ ቃል ነቢዩ ኢዩኤል ስለ ምድረ በዳ ማሰማሪያ ሲናገር የተጠቀመበት ራሱ ነው። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚከርም መንጋ የለም። ዛሬ የበላበት ኮረብታ ለነገ አይበቃም። ነገ ሣር የት እንዳለ የሚያውቀው እረኛው ብቻ ነው፤ በጉ የሚያውቀው እረኛውን ነው።

ውኃውም እንዲሁ ነው። ዳዊት የእረፍት ውኃ ማለቱ ለውበት አይደለም። በዚያ ቁልቁለት ዝናቡ ከላይ በኢየሩሳሌም ኮረብቶች ይጥልና ሰማዩ ጥርት ባለበት ሸለቆ ውስጥ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ቆላ ወንዝ ተሻግሮ የሚያውቅ ሰው ደራሽ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ውኃ ሁሉ አያጠጣም፤ የሚወስድም አለ። ለይቶ የሚያውቅ ያስፈልጋል።

የአረማመዱም ነገር ከእኛ ይለያል። እኛ በግ ከኋላ ሆነን ነው የምንነዳው፤ የኋለኛውን እየገረፍን የፊተኛውን በጩኸት እንመልሳለን። የዚያ አገር እረኛ ፊት ፊት ይሄዳል፣ ይጣራል፣ መንጋው በድምፁ ይከተላል። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ ራሱ ሲያስተምር ያመለከተው ይህንኑ ልማድ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ከኋላ የሚነዳ እረኛ በጉ ያልደረሰበትን ገደል አስቀድሞ አያየውም። ፊት የሚሄድ ግን በጉ የሚረግጠውን ድንጋይ ሁሉ አስቀድሞ ረግጦታል።

ይህን ስረዳ ነው መዝሙሩ ስለ አለመጉደል የሚናገረው ቃል በአዲስ መልክ የተገለጠልኝ። በዕብራይስጡ መጉደልን የሚናገረው ግሥ «ሐሰር» ነው። ዳዊት አልፈጠረውም፤ ከአባቶቹ ታሪክ ወረሰው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 2 ሙሴ ለሕዝቡ ስለ አርባው የምድረ በዳ ዓመታት ሲያስታውሳቸው ምንም እንዳልጎደላቸው የሚነግራቸው በዚሁ ግሥ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 መናው በወረደ ጊዜ ጥቂት የለቀመው እንዳልጎደለበት የተጻፈውም በዚሁ ነው። እንግዲህ አርባ ዓመት ድንኳን ውስጥ የኖረ፣ እርሻም ጎተራም ያልነበረው ሕዝብ ነው ምንም ያልጎደለው የተባለው። ብዙ የለቀመ አልተረፈውም። ለነገ ብለው ያሳደሩት ደግሞ ተልቶ ሸተተ፤ ሳይተላ የሚያድረው ለሰንበት የተቀመጠው ብቻ ነበር። አለመጉደል ማለት የጎተራ መሙላት አይደለም። ማለዳ ተነሥቶ የዕለቱን ማግኘት ነው፤ በማግሥቱም እንደገና።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህን መዝሙር ይዘው መኪናና ቤት፣ ቪዛና ንግድ የሚያስቆጥሩ ስብከቶች በዝተዋል። ለእረኛው የታመነ ሰው ድህነት አይነካውም፣ የተቸገረም እምነቱ ጎድሎ ነው ይባላል። ይህ ትምህርት ድሃውን ሁለት ጊዜ ያደኸየዋል፤ አንድ ጊዜ እንጀራውን ሲያጣ፣ ሁለተኛ ጊዜ አምላኩ እንዳልወደደው ሲነገረው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች አምላኩ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ እንደሚሞላላቸው የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት መስመር ከፍ ብሎ፣ መጥገብንም መራብንም እንደ ተማረ ይናገራል። መራብን የተማረ ሰው የሰጠውን ተስፋ ለባለጠግነት ማረጋገጫ ማድረግ ቃሉን ከአፉ መንጠቅ ነው።

ማርቆስ ወንጌላዊ በምዕራፍ 6 የጻፋት አንዲት ጥቃቅን ነገር አለች። ጌታ ብዙ ሕዝብ አይቶ እረኛ እንደሌላቸው በጎች ስለ ሆኑ አዘነላቸው። ቦታው ምድረ በዳ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱም ይህንኑ ነገሩት። እርሱ ግን ሰዎቹ በቡድን በቡድን እንዲቀመጡ አዘዘ፤ የተቀመጡትም በአረንጓዴ ሣር ላይ ነው። ሣሩ አረንጓዴ መሆኑን የነገረን ማርቆስ ብቻ ነው። ዮሐንስ ደግሞ ፋሲካ ቀርቦ እንደነበር ይጨምርልናል፤ ያ ወቅት የፀደይ ሣር ገና ያልነደደበት ነው። እረኛ፣ ምድረ በዳ፣ ማረፍ፣ አረንጓዴ ሣር፣ ጠግቦ መብላት፤ ማርቆስ የዳዊትን መዝሙር ስሙን ሳይጠራ በፊታችን ዘረጋው። በዚያም ቀን ቢሆን አምስት ሺህ ወንዶች አንድ እራት በሉ እንጂ ማንም ባለጠጋ ሆኖ አልተመለሰም።

የግእዙ ዳዊት ደግሞ የራሱ የሆነ ሀብት አለው። «እረኛ» በሚለው ስም ፈንታ የሚገኘው «ይሬዕየኒ» የሚለው ግሥ ነው፤ ያሰማራኛል፣ ይጠብቀኛል ማለት ነው። ሥሩ «ረዐየ» ሲሆን እረኛ የሚለው የአማርኛ ቃላችንም ዘመዱ ነው። ዐይኑን ዐ ከአልፋው አ የማይለየው የዛሬ ጆሯችን ግን «ያየኛል» የሚል ነው የሚሰማው፤ «ርእየ» አየ ነውና። ስሕተት ነው ብዬ አላልፈውም፤ በዕብራይስጡም ማሰማራትና ማየት በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለዩ፣ ድምፃቸው የተጠጋ ግሦች ናቸው። አጋር ከእመቤቷ ሸሽታ ሳለ በምድረ በዳ በውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛትን አምላክ የሚያየኝ አምላክ ብላ ሰየመችው። አብርሃምም በይስሐቅ ፈንታ በጉን ያገኘበትን ተራራ በማየት ስም ጠራው፤ እዚያ ማየት ማለት ማዘጋጀት፣ የሚያስፈልገውን ማቅረብ ነው። እናቶቻችን ችግር ሲቃለልላቸው «አምላክ አየኝ» ይላሉ። ሰጠኝ አይሉም፤ አየኝ። ማየቱ መስጠቱን ይዞት ይመጣል ብለው ስለሚያምኑ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ከልደት በፊት ካሉት ሦስት እሑዶች፣ ከስብከትና ከብርሃን ቀጥሎ፣ የመጨረሻውን ኖላዊ ብላ ለእረኛው ሰጥታዋለች። በዚያን ቀን የሚጠበቀው ከሩቅ የሚያይ ሳይሆን ወርዶ የሚያሰማራ እረኛ ነው።

አሁን ወደ ሸለቆው።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ዳር ዋዲ ቀልት የሚባል ጠባብ ገደል አለ። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳም እንደ ንብ ቀፎ ተለጥፎ ይታያል። ከአገራችን ወደ ዮርዳኖስ የሚወርዱ ተሳላሚዎችም የሚያልፉት በዚህ አካባቢ ነው። ብዙዎች የዳዊት የሞት ጥላ ሸለቆ ይህ ነው ይላሉ፤ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር ባይኖርም እንዲህ ያለ ቦታ እንደነበር ግን ያሳየናል። ከአንዱ ኮረብታ ሣር ወደ ሌላው ለመሻገር በገደሉ ማለፍ ግድ ነው። እረኛው መንገድ ስቶ አልገባበትም። ወደ ሣሩ የሚያደርሰው መንገድ እርሱ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ መዝሙሩ ውስጥ አንድ ነገር ይለወጣል። እስከ ሸለቆው ድረስ ዳዊት ስለ እግዚአብሔር ይናገራል፤ እርሱ ያሳርፈኛል፣ እርሱ ይመራኛል በሚል አነጋገር። ሸለቆው ውስጥ ሲገባ «እርሱ» ቀርቶ «አንተ» ይመጣል። መስክ ላይ ስለ እረኛው ያወራ የነበረ በግ ጨለማው ውስጥ ከእረኛው ጋር ያወራል። ያለቀሰ፣ የታመመ፣ ሬሳ የሸኘ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። የዕብራይስጡን ቃላት ለቆጠረ ሰው ሌላም ነገር ይታየዋል። አርእስቱ ሲቀር መዝሙሩ 55 ቃላት አሉት። አንተ ከእኔ ጋር ነህ የሚለው ሐሳብ በሦስት ቃላት ተነግሯል፤ ከእነዚህ ሦስት ቃላት በፊት 26፣ በኋላም 26 ቃላት አሉ። ባለቅኔው ቆጥሮ አድርጎት ይሁን አይሁን አልከራከርም። መዝሙሩ ልቡን የት እንዳስቀመጠ ግን ይታያል፤ በሣሩም በማዕዱም ላይ ሳይሆን በአብሮነቱ ላይ ነው።

ስለ በትሩና ስለ ምርኩዙ ጥቂት። በትሩ አውሬ የሚመታበት፣ በጎችም በሥሩ እያለፉ የሚቆጠሩበት ነው፤ በበትር ሥር ማለፉ በኦሪት ዘሌዋውያንና በነቢዩ ሕዝቅኤል ተጽፏል። ምርኩዙ መደገፊያ ነው። በጉ አልታዘዝ ሲል እረኛው እግሩን ሰብሮ በትከሻው ይሸከመዋል የሚል ታሪክ በስብከት ሲነገር ይሰማል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። በግ ጠብቄአለሁና እናገራለሁ፦ እግሩ የተሰበረ በግ ለእረኛ ትምህርት አይሆነውም፣ ሸክምና ሐዘን ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 እረኛው በጉን የተሸከመው ስላገኘው ደስ ብሎት ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሳልመልሰው ብሄድ ምዕራፉ ውሸት ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ በረሃብ ያለቀው ሕዝብ ጸሎት የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። እረኛው ያኔ የት ነበር?

ሙሉ መልስ የለኝም፤ አለኝ የሚልም ሰው አላምንም። መጽሐፉ ራሱ ግን ጥያቄውን የሚያስኬድበት አቅጣጫ አለ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 መንጋው የተራበበትን ጉዳይ እንደ ዳኛ ይመረምራል። የመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች ራሳቸውን ያሰማሩ እረኞች፣ ማለትም ገዥዎች ናቸው፤ ስቡን በልተዋል፣ ጠጉሩን ለብሰዋል፣ የታመመውን አላከሙም። ቀጥሎ የሚከሰሱት የሰቡት በጎች ናቸው። ጥሩውን ሣር ግጠው የቀረውን በእግራቸው ረግጠዋል፤ የጠራውን ውኃ ጠጥተው የተረፈውን አደፍርሰዋል፤ ከሲታውን በጎንና በትከሻ ገፍተዋል። በነቢዩ ክስ ውስጥ ሣሩ ነበር። ተረገጠ እንጂ።

እግዚአብሔር የሚያስፈልገንን ይሰጣል ስንል በማን እጅ እንደሚሰጥ መዝለል የለብንም። ዳዊት ስለ ማዕድ የዘመረውን ያስታውሳሉ፤ ጠላቶቹ እያዩ የተዘረጋ ማዕድ ነው። ከተርጓሚዎች መካከል ይህን ከአቤሴሎም ሸሽቶ ከወጣበት ጊዜ ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17ን ያነበበ ሰውም ምክንያታቸው ይገባዋል። የገዛ ልጁ ሠራዊት እያሳደደው፣ ዮርዳኖስን በሌሊት ተሻግሮ፣ መሃናይም ደረሰ። እዚያ ሦስት ሰዎች ወጡለት። አንዱ ከአሞን ልጆች ከተማ የመጣ ባዕድ ነበር፤ ሌላው ቀድሞ የሳኦልን የልጅ ልጅ በቤቱ ያኖር የነበረ ማኪር፤ ሦስተኛው የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ ቤርዜሊ። ይዘው የመጡት ተዘርዝሮአል፦ ምንጣፍ፣ ሳሕንና የሸክላ ዕቃ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ዱቄት፣ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማር፣ ቅቤ፣ በግ፣ አይብ። የእኛን ጓዳ ይመስላል። ያመጡበትም ምክንያት ተጽፎአል፤ ሕዝቡ በምድረ በዳ ተርቧል፣ ደክሟል፣ ተጠምቷል ብለው አሰቡ።

ዘፀአትን የሚተርክ አንድ መዝሙር አለ፤ እዚያ የተጠራጠሩት አባቶች እግዚአብሔር በምድረ በዳ ማዕድ መዘርጋት ይችል እንደሆነ ጠይቀው ነበር። በመሃናይም መልሱ በሦስት ሰዎች ትከሻና በአህዮቻቸው ጀርባ መጣ። ይህን መጽሐፍ ይዘው የተቀመጡ ወገኔ፣ የእርስዎ ጓዳ የማን ማዕድ እንደሆነ ይጠይቁ። ዕድርተኛው ጤፍ ያለቀበት፣ ጎረቤቱ የቤት ኪራይ የጨነቀው፣ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች እኅት በሰፈርዎ ካሉ፣ እረኛው ሊያያቸው የሚፈልገው በእርስዎ ዐይን ሊሆን ይችላል።

ቤርዜሊ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ንጉሡን ሊሸኝ እስከ ዮርዳኖስ ወረደ። ዳዊት ኢየሩሳሌም አብሮት ሄዶ በገበታው እንዲኖር ለመነው። ሽማግሌው የምግብን ጣዕም እንኳ መለየት እንደማይችል ነግሮ፣ በከተማው በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ልሙት ብሎ ተመለሰ። ዳዊት ግን ያንን ማዕድ አልረሳም። ሊሞት ሲል ልጁን ሰሎሞንን ጠርቶ ኑዛዜውን ሲነግረው የቤርዜሊን ልጆች ስም አነሣ፤ ከገበታህ ይብሉ አለው።